መስታወት ያልሰቀለችው

ልጅቷ የተቀጠረችው ለፊቷ ነው። ለቁንጅናዋ አይደለም፤ ከእሷ የሚያምሩት፣ ከእሷ የተሻለ ውጤት ያመጡትም ሳይቀሩ በመጡበት እግራቸው ተመልሰዋል።

የሰው ሀብት አስተዳደር ተምራ ገና መመረቋ ነበር። ሠራተኛን ምን እንደሚያተጋው፣ ምን እንደሚያስኮርፈው፣ ምን ሲደረግለት ሥራውን እንደሚወድ በቃሏ ሸምድዳ፣ ሸሚዟን ደጋግማ ተኩሳ ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሰው ሀብት ኃላፊ ግን ከሸመደደችው አንዲቱንም አልጠየቃትም። ትክ ብሎ አያትና፣

«ሰው ፊትሽ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«ዝም ብዬ አብሬው እቀመጣለሁ» አለች፤ ሌላ መልስ አልመጣላትም።

«ጥሩ። ፊትሽም ሰው አያስደነግጥም። ሰኞ ጀምሪ።»

እሷም በደስታ ክንፍ አውጥታ ወደ ቤቷ በረረች። ምስኪን፣ ለምን እንደተፈለገች የገባት ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው።

ፋብሪካው ገበያ ቀዝቅዞበት ሠራተኛ እየቀነሰ ነበር። ኃላፊውን ሠራተኛው «ለስላሳው» ነው የሚለው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው ሰው የለም፤ ሰው ሲያሰናብት እንኳ በሽተኛ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ጠዋት ጠዋት ስም ይነግራታል። እሷ ወደ ሽመናው አዳራሽ ትወርድና ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን ይዛ ትመጣለች፤ ወንበር ስባ ታስቀምጣለች፤ ከጆጉ ውሃ ቀድታ ታቀብላለች፤ ከዚያ አጠገባቸው ትቀመጣለች። የሚናገረው እሱ ነው። እሷ ፊቷን ይዛ መቀመጥ ነው ሥራዋ። ያንን ሁሉ ትምህርት የተማረችው ውሃ ለመቅዳት ሆነና አረፈው።

ሽመናው አዳራሽ ውስጥ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት አለ። ሴቶቹ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸውን ወደ መተላለፊያው ሰጥተው ነው የሚሠሩት። ስም ጠርቶ ማንንም መጥራት አይቻልም። ስለዚህ ከኋላ ሄዶ ትከሻ መንካት ግድ ነው። ልጅቷም እንዳይደነግጡባት ብላ በሁለት ጣቷ ብቻ፣ ቀስ አድርጋ ነበር የምትነካቸው። ለዚያ ደግነቷ የተከፈላት ስም ነው፤ «ሁለት ጣት» አሏት።

ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት እሷ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ሰላም ስትላቸው በሩቁ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። አንዲት ቁመተ ሎጋ ሸማኔ፣ «ረጅሟ» የሚሏት አፈኛ ሴት፣ የእጅ መስታወት ገዝታ ከማሽኗ አናት ላይ በክር አንጠለጠለች፤ ማን ከኋላዋ እንደሚመጣ እያየች ለመሥራት። በማግስቱ ጎረቤቷ ሰቀለች። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር መስታወት በመስታወት ሆነ፤ አንዲት ሴት ብቻ ስትቀር።

ያቺ ያልሰቀለችው ሴት የልጅቷ አክስት ነበረች።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ «እቴቴ» ነው የምትላት። እቴቴ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በልጅነቷ ገብታ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ልጅቷን ያስተማረቻትም እዚያው ቆማ ክር እየቋጠረች ነው። ምሩቅ ልጇ እላይ ቢሮ የተቀጠረች ቀን አዳራሹን በእልልታ ልታቀልጠው ምንም አልቀራት፤ ማን ሊሰማት እንጂ። በኋላ ነገሩ ሲገባት ግን እልልታውን ተወችው። አንድ ምሽት ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ስሚ ሚጣ» አለቻት። «የኔም ቀን መድረሱ አይቀርም።»

«እቴቴ ደሞ! ምን ሟርት ነው?»

«ሟርት አይደለም። ዓይኔ እንደሆነ ደክሟል። ትናንት እንኳ የፈረቃ መሪው የሠራሁት ጨርቅ ላይ ግድፈት አገኘና፣ ሌላ ቢደገም አለቀልሽ ብሎኛል። ብቻ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ያ ቀን ሲመጣ እዚሁ ቤታችን ውስጥ ንገሪኝ። እዚያ ሰው ፊት መጥተሽ እንዳትነኪኝ። እዚያ ሰውዬ ፊት ተቀምጬ ካንቺ እጅ ውሃ አልጠጣም፤ ከማሽኔ ቀጥ ብዬ በበሩ ነው የምወጣው፤ ዞሬም አላይም።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

«እሺ አይደለም፤ ማይልኝ።»

«እቴቴ ትሙት።»

እቴቴ ሳቀች። «እሰይ! በሕይወቴ ከማልሽማ አለቀ። ረጅሟ መስታወት ካልሰቀልሽ ብላ ነፍሴን አውጥታው ነበር። የራሴ ልጅ ቃል ገብታልኛለች፣ ምን ያደርግልኛል እላታለሁ።»

በማግስቱ እቴቴ እንደ ልማዷ በጠዋት ወጣች። ልጅቷ ቢሮ የምትገባው አርፍዳ ስለሆነ ቤት ስታስተካክል፣ ጠረጴዛው ላይ የእቴቴን መነጽር አየችው። አንደኛው እጀታው በክር የታሰረው ያ መነጽር ነው፤ ያለ እሱ እቴቴ የተበጠሰ ክር መቀጠል አትችልም። ልጅቷ ክው አለች። ሌላ ግድፈት ቢገኝባት አለቀላት። መነጽሩን አንጠልጥላ ሮጠች።

ለበሩ ጥበቃ ሰጥቼው ይላክላት ብላ አስባ ነበር። ጥበቃው ግን ከአንድ ሹፌር ጋር ይጨቃጨቃል፤ እሷን ዞር ብሎም አላያት። እስኪጨርስ መጠበቅ አልሆነላትም። በቀጥታ ወደ አዳራሹ ገባች። ስትገባ በየመስታወቱ ውስጥ ዓይኖች ብልጭ ብልጭ አሉ፤ በተራ በተራ ስታልፋቸው ያለፈቻቸው ሁሉ ተነፈሱ። እቴቴ ዘንድ ደረሰች። በፊት ለፊቷ ዞራ እንዳትታያት ማሽኑና ግድግዳው ተጣብቀዋል። «እቴቴ!» ብላ ጮኸች፤ ድምጿ ለራሷም አልተሰማት።

ስለዚህ ነካቻት። በሁለት ጣቷ አይደለም፤ ልዩነቱን ታውቀዋለች ብላ በሙሉ መዳፏ ነው። በዚያ አዳራሽ ከኋላ መጥቶ ትከሻ የሚነካ ከእሷ በቀር እንደሌለ፣ የተነካ ትከሻም ጣት እንደማይቆጥር ያኔ አልታሰባትም።

የእቴቴ ትከሻ ደረቀ። እጇን ሰደደችና ማሽኗን አጠፋች። ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች፣ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ዞር ሳትል፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በመተላለፊያው ወደ ማዶው በር ሄደች።

ልጅቷ ውጪ ወጥተን እንነጋገር ማለቷ መሰላት። ልትከተላት አንድ እግሯን ስታነሣ ክንዷን የያዛት እጅ አላራምድ አላት። ረጅሟ ናት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ «የገዛ አክስትሽን?» እያለች ነው። ሌሎቹም ማሽናቸውን እየተዉ ከበቧት። ልጅቷ መነጽሩን ከፍ አድርጋ እያሳየች ጮኸች፣ ለመነች፤ በጥጥ የተደፈነ ጆሮ ምን ይሰማል? አንዷ ገፈተረቻት፤ አንዷ እግሯ ሥር ተፋች። የፈረቃ መሪው መጥቶ እስኪበትናቸው ድረስ ከመሐላቸው መውጫ አላገኘችም። የግቢው በር ጋ ስትደርስ እቴቴ የለችም። ጥበቃው ብቻ፣ «ኧረ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትሄደው? ስጠራት አልሰማችኝም» አላት።

ትንፋሿ እየተቆራረጠ ለስላሳው ቢሮ ገባች። አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ቃሏ፣ ስለ መስታወቶቹ፣ የእሷ መንካት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም እንደሚያውቅ። ሲሰማት ራሱን በሐዘን እየነቀነቀ ነበር። ስትጨርስ ግን ቀና ብሎ አያትና፣

«እና ምንም ሳትያት ወጣች?» አለ።

«ምንም አላልኳትም ጌታዬ! ይፍቀዱልኝና ሄጄ ላምጣት። በስሕተት ነው።»

«በፈረቃ መሐል ያለፈቃድ ከበር የወጣ ሠራተኛ ራሱን አሰናብቷል። ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ አላሰናበትኳትም፤ ብናሰናብታት ኖሮ ካሣዋን እንሰጣት ነበር።» ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ከእንግዲህ እንዳያስገቧት ለበር መንገር የኛ ክፍል ሥራ ነው። ደውዪ።»

«እኔ?»

«ገና በሙከራ ላይ ነሽ ልጄ። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ሥራ ሲያጣ በጣም ነው የማዝነው።»

ይህን ያላት በዚያ በሽተኛ በሚጠይቅበት ድምፁ ነው። ልጅቷ ደወለች። የአክስቷን ስም ስትናገር ጥበቃው አልሰማ ብሎ አስደገማት።

እቴቴ አመሻሽ ላይ ነበር ቤት የገባችው፤ በእግሯ ስትዞር ውላ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ልጅቷን አልጋ ጫፍ ላይ ተኮራምታ አገኘቻት። አልተቆጣቻትም። እንዲያውም ቀድማ፣ «በይ አታልቅሺ፣ ያው የታዘዝሽውን ነው» አለች።

አጠገቧም ተቀመጠች። ልጅቷ መነጽሩን አወጣችና እቴቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችላት።

እቴቴ መነጽሩን አየችው። ልጅቷን አየቻት። ደግማ መነጽሩን አየችው።

«ይሄን ልትሰጪኝ ነው?»

«ረስተሽው ሄደሽ…»

«ይሄን ልትሰጪኝ ነው የመጣሽው?»

መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር፤ ልጅቷም ነገሩ የቀለለ መስሏት ልትስቅ ምንም አልቀራት። «ይቺን ይወዳል! በይ ነገ በጠዋት ገብቼ እነግራቸዋለሁ፤ ረጅሟ ጉድ ትበል!» አለች እቴቴ።

«አያስገቡሽም እቴቴ።»

«ለምን?»

«ለበሩ ተነግሯል።»

«ማን ነገራቸው?»

ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እቴቴ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አደረገችና፣ ከዚያች ቀን በፊት አይታት እንደማታውቅ ሁሉ ልጇን በደንብ አየቻት። ብትሰድባት፣ በጥፊም ብትላት ለልጅቷ ይቀላት ነበር።

«ሥራሽን እንዳትለቂ» አለች በመጨረሻ። «የቤት ኪራዩን ካንቺ በቀር የሚከፍለው የለም። ሁለታችንም ሜዳ ላይ አንወድቅም።» ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ሆና፣ ለልጅቷ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣ «መስታወት መስቀል ነበረብኝ» ስትል ተሰማ።

ጠዋት ለስላሳው ቢሮ ስትገባ በጊዜ መጥቶ ቁጭ ብሏል። አክስትሽ እንዴት አደረች ብሎ ጠየቃት፤ ከልቡ የጠየቀ ነው የሚመስለው። ከዚያ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣

«ዛሬ የሚጠራ ሰው የለም» አላት። «ዝም ብለሽ አዳራሹን ዞር ዞር በይበት። ያቺ ረጅሟ አለች አይደል? እዚህ ብናመጣት ስትጮህ ነው የምትውለው፣ ካሣ፣ ክስ… ልፋት ነው። ስታልፊ ትከሻዋን ነካ አድርጊያት። ምንም እንዳትናገሪ። ዞራ ሥራዋን ከቀጠለች ትቀጥል፤ ማንም ሂጂ አላላትም።»

ልጅቷ ቆማ ቀረች። እምቢ የምትለውን ቃል ፈለገችው፤ የመጣላት ግን «ሥራሽን እንዳትለቂ» ያለው የእቴቴ ድምፅ ነው።

ወረደች። ዓይኖቹ በየመስታወቱ ተከተሏት። የእቴቴ ማሽን ላይ ሽርጡ እንደታጠፈ ነው። ረጅሟ ከሩቅ አይታት ኖሮ፣ ገና ሳትደርስባት ዞረች። ፊት ለፊት ተያዩ። ረጅሟ ትናንት የልጅቷን ክንድ የያዘችበትን እጅ ወደ ደረቷ አመለከተች፤ «እኔን?» ማለቷ ነው።

ራስን ወደ ግራና ቀኝ መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ጩኸቱ ያንን አይከለክልም። ልጅቷ ግን ያንን ማንንም የማያስደነግጥ ፊቷን ይዛ ቆመች፤ ቆየችና እጇን ሰደደች፣ በሁለት ጣቷ ነካቻት።

ረጅሟ መስታወቷን ከክሩ ፈታ ኪሷ ከተተችና ሄደች።

ልጅቷ ወደ ላይ ስትመለስ ለስላሳው ምንም አልጠየቃትም። ወንበሩን፣ ያንን ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር፣ ሳበላትና ተቀመጪ አላት። ከዚያ ከጆጉ ውሃ ቀዳና አቀበላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣችው። እሱም አጠገቧ ዝም ብሎ ተቀመጠ።