ከውሃው በኋላ

ሥራዋ አውቶብስ መንዳት ነው። ጎህ ሲቀድ ከዴፖ ታወጣዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ለተረኛው አስረክባ ስትወርድ እግሯ ለጥቂት ጊዜ አልታዘዝ ይላታል። አርባን ካለፈች ወዲህ ወገቧም የራሱን ጠባይ አውጥቷል። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና፣ "መቀመጥ ነው የጎዳሽ። ዋና ትችያለሽ?" አላት።

"ድሮ እችል ነበር" አለች።

መቻል ብቻም አልነበረም። አባቷ የዋና አሰልጣኝ ነበሩ፤ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው ውሃ ውስጥ የከተቷት። እኩዮቿ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሷ የጠዋቱ እርጥበት ከፀጉሯ ሳይለቅ ወደ ገንዳው ትመለስ ነበር። ሜዳሊያም አምጥታለች። አሥራ አምስት ዓመቷን እንደያዘች ግን አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ "አልሄድም፣ ደክሞኛል" አለች። አባቷ ምንም አልመለሱላትም። ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ብቻቸውን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት ኪራይም፣ ስለ ጎረቤትም፣ ስለ ዝናቡም ያወራሉ፤ ስለ ዋና ግን አንዳቸውም አንስተው አያውቁም።

አሁን እናቷ የሉም፤ አባቷ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። መርሳት ጀምረዋል። ስሟን ሳይሆን ዕድሜዋን ነው የሚረሱት፤ አንዳንዴ ከሥራ ስትመለስ "የቤት ሥራሽን ሠራሽ?" ይሏታል። እሷ መሪ ላይ ስትሆን ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ይጠብቁላታል። ለዋና ብላ ተጨማሪ ሰዓት ልትለምናቸው አፈረች። ስለዚህ አባቷን ካፖርታቸውን አልብሳ ይዛቸው ወደ ገንዳው ሄደች።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። እጇ አልረሳም፤ ሳንባዋ ግን ረስቷል። ገና ገንዳውን አንድ ጊዜ ሳታቋርጥ ጠርዙን ጨብጣ ማለክለክ ጀመረች። ያኔ አባቷ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ተነስተው፣ "ክርን፣ ክርንሽን ከፍ አድርጊ" ሲሉ ድምፃቸው ጣሪያው ላይ አስተጋባ። የዋናተኛው ሁሉ ዓይን ወደ እሷ ዞረ። በዚህ ዕድሜዋ እንደ ሕፃን መታረሟ አናደዳት። ደግሞ ልክ ናቸው፤ ክርኗ ወድቋል። ከፍ አደረገችው።

ወገቧ ቀለል አላት፤ ስለዚህ መመላለሱን ቀጠለች። ከወራት በኋላ የዴፖዋ መካኒክ ነገሩን ደረሰችበት። አጭርና ጠንካራ ስለሆነች ሁሉም ሰው "ብሎን" ነው የሚላት።

"ምንድን ነው ክሎሪን ክሎሪን የምትሸቺው?" አለቻት ከመኪናው ሥር ብቅ ብላ።

"እዋኛለሁ።"

"ታዲያ ትራያትሎን ለምን አትገቢም? መጀመሪያ ዋና፣ ከዚያ ብስክሌት፣ መጨረሻ ላይ ሩጫ። መሀል ላይ ዕረፍት የለም።"

"ሰው ምን አጥፍቶ?"

"ምንም። በገዛ ፈቃዱ ነው።"

"ብስክሌት የለኝም።"

"የእኔን ውሰጂ። እኔ ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ወዲህ ተመልካች ነኝ።"

"ሩጫስ? እኔ ሮጬ አላውቅም።"

"አውቶብስ ያመለጠው ሰው ከኋላሽ ሲሮጥ በመስታወት ስታዪ አይደል የኖርሽው? እንደሱ ነው።"

ለምን እሺ እንዳለች ራሷም አታውቅም። ምናልባት ለረጅም ጊዜ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ አንድ ነገር እንድታደርግለት ስለነበር ይሆናል፤ ይህ ግን ለራሷ ነው። ኀፍረቷን ዋጥ አድርጋ አዋላጇን ተጨማሪ ሰዓት ለመነች። ከፈረቃ ወርዳ በዴፖው ጀርባ ባለው መንገድ ብስክሌት ትጋልባለች፤ ከዚያ ትንሽ ሮጣ ትንሽ ትራመዳለች፤ ከዚያ አባቷን ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ታስተኛለች። ብዙ ቀን በለበሰችው ልብስ ነው እንቅልፍ የሚጥላት። ጠዋት ፍሬን ስትረግጥ ጭኗ ይንቀጠቀጣል።

"ልጄ፣ የደከመው ሰው ይተኛል እንጂ ይሮጣል?" አሏት አዋላጇ።

"እኔም ገርሞኛል" አለች።

ውድድሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሐይቅ ላይ ነበር። አዋላጇ የልጃቸው ቤት ስለሄዱ አባቷን ይዛ መጣች፤ ብሎን ልትጠብቃቸው ቃል ገባች። ፊሽካው ሲነፋ ውሃው በእጅና በእግር ተተራመሰ። አንዱ ፊቷን ረገጣት፤ ጥቂት ውሃ ጠጣች፤ ከዚያ ግን ክርኗ ከፍ አለ፣ ትንፋሿም መስመሩን ያዘ። ከፊተኞቹ ጋር ሆና ከሐይቁ ወጣች።

ብስክሌቶቹ የተደረደሩበት ቦታ ስትደርስ አባቷ ፎጣ ይዘው ቆመዋል። ከብሎን አምልጠው፣ አጥሩን አልፈው መጥተዋል።

"ጎበዝ። በይ ልበሺ፣ ብርድ ይመታሻል። እንሂድ" አሉ።

"አባባ፣ ገና ነኝ። አልጨረስኩም።"

"ከውሃ ወጥተሽ?"

"ብስክሌትና ሩጫ ይቀረኛል።"

"ይህን ደግሞ ማን አመጣው?"

አንድ አስተናባሪ ቀረብ ብሎ፣ "አባት፣ እዚህ መግባት አይፈቀድም" አላቸው።

"አሰልጣኟ ነኝ" አሉት። ክንዷን አጥብቀው ያዙ። ያሉበት ቦታ እንደጠፋቸው ከዓይናቸው አየች። ብሎን እያነከሰች ደረሰች። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ብስክሌታቸውን እየነጠቁ በአጠገባቸው ያልፋሉ። ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ እሳቸውንም አስቀመጠቻቸው። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

"ደክሞሻል" አሉ።

"አዎ፣ ደክሞኛል።"

"ከደከመሽ ተይው። ያኔም ብዬሻለሁ እኮ። ልጅ ነሽ፣ ዕረፊ፣ ሲልሽ ትመለሻለሽ ብዬሻለሁ።"

አላሉም። በሩን፣ ፊሽካውን፣ የተዘጋውን አፋቸውን ታስታውሳለች። ፊታቸውን አየች፤ ውሸት የለበትም። ምናልባት የዚያን ቀን መንገድ ላይ ለብቻቸው ብለውት ይሆናል። ምናልባት በሆዳቸው ደጋግመው ከማለታቸው የተነሣ ከአፋቸው የወጣ መስሏቸው ይሆናል። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አደረገች።

"አዎ" አለች፣ "ብለውኛል።"

አያያዛቸውን ላላ አደረጉ። ወደ ብስክሌቱ አዩ።

"እና ትተዪዋለሽ?"

"ትንሽ ልሞክረው።"

"እንግዲህ ካልሽ። እኔ እዚሁ ነኝ" አሉና ክንዷን ለቀቁ።

ስትነሣ ከቦታው የቀረው የእሷ ብስክሌት ብቻ ነበር። ነፋሱ ከፊት ለፊት መጣ። ዳገቱ ላይ የብስክሌቱ ካቴና ወልቆ በእጇ መለሰችው፤ ጣቶቿ በግራሶ ጠቆሩ። ሩጫው ላይ አብዛኛውን ተራመደች። አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ ልትቀር አሰበች፤ ቁጭ ካለች እንደማትነሣ ስላወቀች አለፈችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጠረጴዛዎቹ እየታጠፉ፣ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። አንድ ሠራተኛ ሥራውን አቁሞ አጨበጨበላትና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

አባቷ በብሎን መኪና ውስጥ ተኝተዋል።

"ልጄ ከውሃ ወጣች ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ ዋሉ" አለች ብሎን። "ወጥታለች፣ ደህና ናት አልኳቸው።"

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ልትፈታ ሞከረች፤ ጣቷ እምቢ አላት። ብሎን ተንበርክካ ፈታችላት። ያኔ አለቀሰች፤ ከድካሙ ይሁን ከሌላው አልለየችውም፤ ብሎንም አልጠየቀቻትም።

በማግስቱ አውቶብሱን አወጣች። ደረጃውን በእጇ እየተሳበች ነው የወጣችው። ብስክሌቱን ለብሎን መለሰች፤ ለከርሞ ትወዳደር እንደሆነ አታውቅም። አባቷ ውድድሩን ረስተውታል፤ እሷም አላስታወሰቻቸውም።

ገንዳው ግን አልቀረም። በቀደም ከውሃ ስትወጣ ወንበራቸው ላይ አሸልበው አገኘቻቸው። መቀስቀስ አሳዘናት። ፀጉሯ እስኪደርቅ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እሷንም እንቅልፍ ወሰዳት። የገንዳው ጠባቂ በር ሊዘጋ ሲል መጥቶ ሁለቱንም ቀሰቀሳቸው።