ከምድጃው በላይ ያለችው ድንጋይ

አጎቴ አምሳሉ ብረት ሠሪ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ከበርሜል የማይሠራው ነገር የለም፤ ባልዲ በሉት፣ በር በሉት፣ ይሠራል። ምድጃ ሥራልን ካላችሁት ግን ትቷችሁ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ስንት ዓመት ለምኜው ነው የነገረኝ።

ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ኅዳር። የንፋስ መውጫ ኅዳር እኮ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ይይዛል። በዚያው መስከረም ጓድ ዳኘው የሚባል ሹም ከመተሐራ ተዛውሮ መጣ። ሙቀት የለመደ ሰው! ያረፈው ደግሞ ከባላባት የተወረሰ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ትልቅ የድንጋይ ምድጃ አለ፣ ጥጃ የሚያስገባ። እንጨት ሲማገድበት ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይሄዳል፣ ጭሱ ተመልሶ ቤት ይገባል። ሰውዬው ካፖርቱን ሳያወልቅ ዓይኑን እያበሰ ይውላል።

"ከበርሜል ዝግ ምድጃ ሥራና እዚህ ውስጥ ክተትልኝ" አለው አጎቴን። "አርብ ከደብረ ታቦር እንግዶች አሉብኝ።"

"መክተቱ ብቻ አይበቃም ጓድ። መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ይጠረጋል፣ የተጋገረው ጥላሸት እሳት ከያዘው ጣሪያውን ይዞት ነው የሚሄደው። ከዚያ ቱቦው እስከ ጣሪያው ጫፍ ይወጣል። በቱቦው ዙሪያ ያለው ክፍት ደግሞ በላሜራ ይደፈናል። ካልተደፈነ ሙቀቱም አይቀመጥ፣ ጭሱም ይመለሳል።"

"ድፈነዋ!"

ሰኞ አጎቴ ጎንበስ ብሎ ምድጃው ውስጥ ገባና ቀና አለ፤ ጭንቅላቱ ጭስ ማውጫው ውስጥ ነው። ከፊቱ፣ ጭስ ማውጫው ከሚጠብበት ላይ፣ ወጣ ያለች ሰፊ ድንጋይ አለች። ጥላሸቷን ሊጠርግ እጁን ሲዘረጋ ጥላሸት የለም። አጎዛ ተነጥፎባታል። አጎዛው ላይ የባቄላ ቆሎ።

ጎንበስ ብሎ ወጣ። የቤቱ ሠራተኛ እትዬ ውዴ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ድመት ትተኛበታለች።"

"ድመቷ ባቄላ ቆሎ ትቆረጥማለች?"

እትዬ ውዴ ሄዳ በሩን ዘጋች።

"ጥጋቡ ነው" አለችው።

ጥጋቡ ልጇ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ታላቁ ሀይሉ ሰሜን ግንባር ሄዶ የመጣላት ወረቀት ብቻ ነው። የውትድርና አፈሳ ሲመጣ ጥጋቡን በጓሮ በር አስገብታ እዚያች ድንጋይ ላይ ታወጣዋለች። የአብዮት ጥበቃዎቹ መንደሩን ሲበረብሩ የሹማቸውን ቤት ማን ይፈትሻል? ጓድ ዳኘውም እንደሆነ አደባባይ ቆሞ ኮታውን እያስሞላ ነው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ተርፏል።

"ሌላ ቦታ አጣሽለት?"

"ጎተራውን በሳንጃ ይወጋሉ። ገደሉን ዘብ ይዞታል። አምሳሉ ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አትድፈነው።"

አጎቴ አጎዛውን አውርዶ ሰጣትና ወደ ሹሙ ሄደ። በሙያው ዋሽቶ አያውቅም፣ ያን ቀን ዋሸ።

"ጓድ፣ ጭስ ማውጫው ተሰንጥቋል። እሳት ከገባ ቤቱ ይቃጠላል።"

ጓድ ዳኘው ባትሪውን አብርቶ ራሱ ገብቶ አየ። ቆይቶ እጁን እያራገፈ ወጣ።

"የቱ ጋ ነው የተሰነጠቀው?"

"ከላይ ነው... ከላይ።"

"መርገዋ ታዲያ። ወይስ እኔ ስንቀጠቀጥ ደስ ይልሃል?" ሳቀ። "ለመሆኑ አምሳሉ፣ አንተ ስንት ዓመትህ ነው?"

አጎቴ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለኮታው ይበቃል። "ለአርብ ይደርሳል ጓድ" ብሎ ወጣ።

ግን አንድ ነገር አደረገ። የበርሜሉን ምድጃ አጠበበው፣ ቀጭን ሰው በጎኑ ሾልኮ እንዲያልፍ። ላሜራውን አልመረገውም፣ በመንጠቆ ሰቀለው።

"ገፋ ሲያደርገው ይከፈታል" አላት። "ግን እትዬ፣ እሳት እያለ እንዳይሞክረው። ቱቦው ቆዳ ይልጣል።"

"የማነደው እኔ ነኝ። አፈሳ ከመጣ አላነድም" አለችና ትከሻውን ሳመችው።

ሐሙስ ለኮሱት። አጎቴ ደጅ ወጥቶ አየ፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ከጣሪያው በላይ ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ጭስ የሚባል የለም። እትዬ ውዴ እንኳን ሳቀች።

አርብ ጠዋት እንግዶቹ መጡ። ጓድ ዳኘው "አንድደሽ ጠብቂን" ስላላት ምድጃው ግሏል። እጃቸውን እያሞቁ "እንዲህ ያለ ደብረ ታቦርም የለ!" አሉ። አጎቴን ለምስጋና አስጠርተውታል፣ ጥግ ቆሟል። ከዚያ አንደኛው ሰዓቱን አየና "በሉ እንጀምር" አለ። ወጡ። ፊሽካ ተነፋ።

ለካ አፈሳው እነሱ ናቸው!

ወዲያው የጓሮው በር ተከፈተ፤ ጥጋቡ ነው፣ እንደለመደው። ምድጃው ቀይ ሆኗል። አጎቴ "ቆይ!" ከማለቱ እትዬ ውዴ ባልዲውን አንስታ ውሃውን ምድጃው ውስጥ ደፋችው። ቤቱ በእንፋሎትና በጭስ ተሞላ፣ በበር ወጣ፣ በመስኮት ወጣ። ደጅ ያሉት ጥበቃዎች "እሳት! የጓድ ዳኘው ቤት ተቃጠለ!" እያሉ ውሃ ይዘው ገቡ። ቤት ሊያድኑ ነው የመጡት፣ ልጁን ሊይዙ አይደለም። ጥጋቡ ግማሽ ሰውነቱ ላሜራው ውስጥ፣ እግሩ ውጭ ነው። ጎትተው አወረዱት። የመዳፎቹ ቆዳ ቱቦው ላይ ተልጦ ቀርቷል።

"ይድናል" አለ አንዱ ጥበቃ እጁን በጨርቅ እየጠቀለለለት። "ማሠልጠኛ እስኪገባ ይድናል።"

ጥጋቡን የጫነው መኪና ከሰዓት በኋላ ሄደ።

ጓድ ዳኘው በገዛ ቤቱ የተገኘ ነገር ስለሆነ አፍኖ አስቀረው፤ እትዬ ውዴንም ሥራዋ ላይ ተዋት። አጎቴን ግን ጠርቶ "ላሜራውን ምረገው" አለው። መረገው። ምን ያድርግ?

በመጋቢት የምድጃው በር ማጠፊያ ላልቶ አስጠሩት። እትዬ ውዴ እንጨት እየጨመረች ነው። ከጥጋቡ ወረቀትም አልመጣ፣ ወሬም አልመጣ። ዓይኗ ቀልቷል።

"እትዬ..." አላት።

"ጭሱ ነው" አለችው።

አጎቴ ማጠፊያውን አጥብቆ ወጣ። ምድጃው አያጨስም፤ የሠራው እሱ ነው።