ጨፌው የዋጠው እስካቫተር

አጎቴ ጋሽ አምባው ደካ ከተማ ሃያ ዓመት የቢሮ ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ይዘው የተመለሱት ሁለት ነገር ነበር፤ ቦርጭና «ፖቴንሻል» የምትል ቃል።

ቃሏ መጥታ ያረፈችው የቤተሰባችን የወይን እርሻ ላይ ነው። አያቴ የተከሉት፣ እናቴ በዛወርቅ እዚህ ያደረሰችው እርሻ ከሺሺንዳ መንገድ ወረድ ብሎ ተዳፋት ላይ ይገኛል። ከግርጌው ሰፊ ረግረግ አለ፤ ጨፌው እንለዋለን። የሰፈሩ ሴቶች ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ሣር አጭደው ቦንጋ ገበያ የሚወስዱት ከዚያ ነው። በዚህ ሁሉ ዝናብ ወይን አይሆንም ያሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። እናቴ ሁሉንም ወይኗን አጠጥታ ሸኝታቸዋለች፤ አንደኛው ጃንጥላውን ረስቶ በዝናብ እየዘፈነ ነው የሄደው። ጎረቤታችን ፓስተር ልዑልቃል እንኳ «ለማሽተት ያህል» እያሉ ብቅ ይላሉ። ሲያሸቱ ግን ጉሮሯቸው ይንቀሳቀሳል።

አንድ ማለዳ ጋሽ አምባው ከእናቴ ጋር ተዳፋቱ ላይ ቆመው ወደ ረግረጉ ጠቆሙ።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ መሬት ውሃ ተኝቶበት! ቦይ ቆፍረን ብናደርቀው እርሻው እጥፍ ይሆናል። ፖቴንሻሉ...»

«ወይኑን ማን ያቀዘቅዝልኛል?» አለች እናቴ።

«ምኑን?»

እናቴ ትክ ብላ አየቻቸው። የተጨመቀው ወይን ሲብላላ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ከበዛ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ በርሜሎቹን ረግረጉ ዳር ካለው ምንጭ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። ወይናችንን ወይን ያደረገው ያ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አጎቴ ይህን አያውቁም፤ ቢራ ጠጪ ስለሆኑ ወይኑንም ቀምሰውት አያውቁም።

«አምባው፣ ረግረጉን እንዳትነካ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እናቴ ቦንጋ ለቅሶ ልትደርስ በሄደችበት ቀን ጋሽ አምባው የተከራዩት የመሬት መቆፈሪያ እስካቫተር መጣ። ኦፕሬተሩ ከሚል የሚባል ረጋ ያለ ጎልማሳ ነበር።

«ጋሼ፣ መሬቱ ይሸከማል?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ!» አሉ ጋሽ አምባው። መልስ መሆኑ ነው።

እስካቫተሩ አሥር ሜትር ያህል ሄደ፤ ዘመም አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀመጥ ጀመረ። ከሚል ዘሎ ወርዶ እየዳኸ ዳር ደረሰ። ጋሽ አምባው ግን ማሽኑን በእጃቸው የሚያቆሙት ይመስል ተከትለው ገቡና እስከ ወገባቸው ሰመጡ። ቦርጫቸው ባይይዛቸው ኖሮ ይብስ ነበር።

ሣር አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ መጡ። ከፊት ያለችው ኮከብ ናት፤ ምላሷ ከማጭዷ የሰላ ነው።

«ምን ጠፍቶብዎት ነው ጋሽ አምባው?»

«ገመድ አምጪ!»

«ጨፌያችንን ሊያደርቁ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«ልማት እኮ ነው!»

«እንግዲያው ይልሙ» አለችና ሴቶቹን ይዛ ቁጭ አለች። በቆሏቸውን አውጥተው መብላት ጀመሩ።

ደውዬላት ነበርና እናቴ በባጃጅ ደረሰች። መጀመሪያ ሄዳ ያየችው ወንድሟን ሳይሆን ምንጩን ነው። አለመደፍረሱን አረጋግጣ ወደ ወንድሟ ተመለሰች።

«በል፣ ለነዚህ ሴቶች ንገራቸው» አለች።

«ረግረጉ አይነካም» አሉ አጎቴ በቀጭን ድምፅ።

«አልሰማንም!» አለች ኮከብ።

«አይነካም! አይነካም አልኩ እኮ!»

ሴቶቹ ያጨዱትን ሣር በነዶ በነዶ ጭቃው ላይ አንጥፈው በላዩ ተራመዱ። በአጎቴ ብብት ሥር ገመድ አስረው ጎተቱ። ጋሽ አምባው ወጡ፤ ሱሪያቸው ግን እዚያው ቀረ። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ፓስተር ልዑልቃል ፊታቸውን አዞሩ፤ ኮከብ አላዞረችም።

እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ቤት አስገባቻቸውና አንድ ብርጭቆ ወይን ሰጠቻቸው። እየተንቀጠቀጡ ጠጡ። ብርጭቆውን ዝቅ አድርገው አዩትና ደግመው ተጎነጩ።

«እትዬ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ዝም አልክ?»

ከሚል ማሽኑን በአራተኛው ቀን፣ ግንድ እየደለደለ፣ በሌላ ማሽን አስጎትቶ አወጣው። እናቴን ተሰናብቶ፣ አጎቴን ሳይሰናበት ሄደ።

ዘንድሮ ወይናችንን ሊቀምሱ እንግዶች ሲመጡ ረግረጉን የሚያስጎበኙት ጋሽ አምባው ናቸው። እንዳይደርቅ የታገሉት እሳቸው እንደሆኑ በሰፊው ያብራራሉ። እናቴ ሰምታ ዝም ትላለች። ኮከብ ግን ዝም አትልም።