በጠመኔ የተገዛ ቤት

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል ባሏ እርጥብ ጨርቅ ይዞ የሳሎኑን መስኮት ሲወለውል አየችው። በትዳር ዘመናቸው መስኮት ወልውሎ አያውቅም።

«ምነው? እንግዳ አለብን እንዴ?» አለችው።

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ጨመቀና ወደ በሩ ዞረ። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። እያጸዳ አልነበረም። የጠመኔ ምልክቶቹን እያጠፋ ነበር።

«ኧረ በፈጣሪ! አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?»

«የኛ አይደለም» አለ ፊቱን ሳያዞር። «የኛ ያልሆነ ነገር ላይ ምልክት አናደርግም።»

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ፍሬኑ» ይሉታል። ሰው ሲሰማው ለአነዳዱ የወጣለት ስም ይመስለዋል፤ እነሱ ግን ያወጡለት ለኪሱ ነው። ሻይ የሚጋብዝ ሲገኝ አብሮ ይጠጣል፣ የመጋበዝ ተራው ሲደርስ እግሩ ፍሬን ላይ ነው። ሰፊዋ ይህን የሰማች ዕለት እንባዋ እስኪፈስ ስቃ እሷም በዚያው ትጠራው ጀመር፤ ስሙ ቤትም ገብቶ ቀረ።

ቤቱን የገዙት በባንክ ብድር ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ኩሽና፣ የአሥራ አምስት ዓመት ዕዳ። ብድሩ ስምንት ዓመት ሲቀረው የፍሬኑ ግራ ዓይን ደከመ። መንጃ ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ የሚታደሰው በዓይን ምርመራ ነውና ሐኪሙ አይቶ አይቶ፣ «ከዛሬው ሌላ ሁለት ጊዜ ይታደስልህ ይሆናል፣ ሦስተኛውን ግን እንጃ» አለው። ይህ ማለት ስድስት ዓመት ነው። ከመሪው ከወረደ ደመወዙ በግማሽ ይወርዳል፤ የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን ለማንም ዓይን ብሎ አይወርድም። ያን ጊዜ ቤቱ ከእጃቸው ይወጣል። ስለዚህ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ተማከሩ። ከወርሃዊው ክፍያ በላይ፣ ትንሽም ብትሆን በየወሩ እየጨመሩ፣ ዕዳውን ከዓይኑ ቀድመው ሊጨርሱት ቆረጡ።

ምልክቱ የሷ ሐሳብ ነበር። ባንክ የገባ ገንዘብ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። እናም ተጨማሪ ክፍያ በከፈሉ ቁጥር ከቤቱ አንድ ነገር «ይገዙ» ጀመር። ሰፊዋ ልብስ የምታሰምርባትን ጠፍጣፋ ሰማያዊ ጠመኔ አንስታ፣ የአዝራር ቦታ እንደምትለይ ሁሉ፣ በተገዛው ነገር ጥግ ላይ ሁለት አጫጭር መስመር ታሰምራለች። ዋጋ የሚተምነው ፍሬኑ ነው። እሷ ገበያ በእግሯ እየተመላለሰች ያተረፈችው የትራንስፖርት ሂሳብ የመስኮቱን እጀታ ገዛ። የሹፌሮቹን ሱሪ እያሳጠረች ያገኘችው መስኮቱን ራሱን። ፍሬኑ ሲጋራ ሲያቆም በሩ ከነማጠፊያው የነሱ ሆነ፤ «ጭስ ሸጬ በር ገዛሁ» እያለ ለተሳፋሪው ሁሉ አወራ። የልጃቸው ጥርስ ታሞ ገንዘቡ ሐኪም ቤት ባለቀበት ወር እንኳ ባዶ እጁን ባንክ አልሄደም፤ የአንዲት ሚስማር ዋጋ አስገባ። ሰፊዋም ወንበር ላይ ወጥታ ከግድግዳው ሰዓት በላይ ያለችውን ሚስማር በጠመኔ ነካቻት።

ልጅቷ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ነገሩን ወዲያው ለራሷ አመቻቸችው።

«እማዬ፣ ኩሽናው የማን ነው?»

«ገና የባንኩ ነው።»

«እንግዲያው ባንኩ መጥቶ ይጥረገዋ!»

«ነይ ወዲህ አንቺ! ምሳሽን እሱ ውስጥ ስትጠራርጊ የባንኩ ነው አላልሽም!»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ሄደ። ሳሎኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ያን ማክሰኞ ፍሬኑ ከጠዋት ፈረቃው ሲወጣ ደስ ብሎት፣ ስንት እንደቀረ ሊጠይቅ ወደ ባንክ ጎራ አለ። ሲመለስ ባልዲውን አነሳ።

አሁን ሰፊዋ ጨርቁን ከእጁ ቀማችውና «ተናገር» አለችው።

ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ስንት ቀረኝ ብዬ ጠየቅኳት፣ የብድር ክፍሏን ልጅ። አየችና ‹አባቴ፣ እርስዎ እኮ የመጪውን ስምንት ወር ክፍያ በቅድሚያ ከፍለዋል› አለችኝ። ጎሽ አልኩ በሆዴ። ‹ዋናው ዕዳ ግን በጊዜው የሚወርደውን ያህል ብቻ ነው የወረደው። ወለዱም በዚያው ነው የሚታሰበው› አለች። እንዴት ሆኖ ብላት፣ ‹እርስዎ ነዎታ እንደዚያ ያዘዙት› አትለኝም!»

«አንተ? ምን ብለህ?»

ምን እንዳለማ እሷም ታውቀዋለች። አንድ ሁለቴ አብራው ሄዳ በጆሮዋ ሰምታዋለች። ፍሬኑ ከሰዓቱ ዘግይቶ የማያውቅ ሹፌር ነው፤ ኩራቱም እሱ ነው። ተጨማሪውን ገንዘብ በባንኩ መስኮት ሲያቀብል ደረቱን ነፍቶ፣ «ይሄ ለሚመጣው ወር ይሁን! እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ እንጂ ሰው አያስጠራኝም» ይል ነበር። ገንዘብ ተቀባዮቹም እንዳለው አደረጉለት። ገንዘቡ የየወሩን ተራ እየጠበቀ ተቀመጠ። ከዋናው ዕዳ ይቀነስልኝ ብሎ አንድ ቀን አልተናገረም።

«ቀድሜ ደረስኩ ስል» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተር አስነስቼ ፌርማታ ላይ ቆሜያለሁ።»

ሰፊዋ መጀመሪያ ልትጮህበት ነበር። በዚያ ሁሉ ፀሐይ በእግሯ የሄደችው፣ ያበጠው ቁርጭምጭሚቷ፣ የሱ ጉራ፣ ሁሉም አንደበቷ ላይ መጣ። ከዚያ ባልዲውን አየችው። ውሃው ሰማያዊ ሆኗል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ገንዘቡ ጠፋ?»

«አልጠፋም። ተቀምጧል።»

«እጅጌ ገልብጬ ስሰፋ አይተህ ታውቃለህ?»

«ስንቴ!»

«ስንቴ አትበል፣ አንዴ ነው። ጨርቁን ጣልኩት?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ተረተርኩት። ክሩ ባከነ እንጂ ጨርቁ ያው ነው። ነገ እንሄዳለን።»

«አንቺ ሂጂ። እኔ እዚያች ልጅ ፊት ሁለተኛ አልቆምም።»

«ብድሩ በስምህ አይደለም እንዴ? ማን ሊፈርምልህ ነው? እግርህን ከፍሬኑ ላይ አንሳ በል!»

ልጅቷ ከጓዳ በኩል ብቅ ብላ ሁሉንም ሰምታለች። «አባባ፣» አለች፣ «መስኮቱ ግን እንዴት አማረበት! በዚሁ ኩሽናውንም ጥረግልኝ።»

ፍሬኑ ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም። ሲስቅ ትከሻው ነው ቀድሞ የሚስቀው።

በማግስቱ ሦስቱም ባንክ ሄዱ። የብድር ክፍሏ ልጅ ገና ወጣት ናት፤ ፍሬኑን ስታይ ወንበር ሳበችለት። የተቀመጠው የስምንት ወር ገንዘብ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ከዋናው ዕዳ እንዲቀነስ የሚል ወረቀት አዘጋጀችና፣ «አሁን አንድ ነገር ይምረጡ» አለች። «ወይ ወርሃዊ ክፍያው ያንስላችኋል፣ ወይ ክፍያው እንዳለ ሆኖ ዘመኑ ያጥራል።»

ፍሬኑ ሚስቱን አያት። ሰፊዋ ክፍያው ያንሳል ሲባል ጓጓች። አውቶቡስ ተሳፍራ ገበያ ስትሄድ፣ አዲስ ጫማ ስትገዛ ታያት። ቀጥሎ የባሏን ዓይን አየች፤ ወረቀቱን አቅርቦም አርቆም እየሞከረ ነበር።

«ዘመኑ ይጠር» አለች።

«ያለፈው ወለድስ?» አለ ፍሬኑ።

«ያለፈውን መመለስ አይቻልም፣ አባቴ። ሳሰላው ግን የሁለት ወር ክፍያ አይሞላም። ከእንግዲህ ሲመጡ ምን ይላሉ?»

«ከዋናው ይቀነስልኝ!» አለ፣ ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪዞር።

ቤት ሲገቡ ሰፊዋ ጠመኔዋን አነሳች፣ ፍሬኑም ወንበሩን ያዘላት። የጠፋውን ምልክት ሁሉ መለሱ፤ የበሩን፣ የመደርደሪያውን፣ ሚስማሯ እንኳ አልቀረችም። የባከነውን ለማካካስ መስኮቱን ብቻ ለባንኩ ተዉለት። በሚቀጥሉት ወራት እንደገና ገዙትና ፍሬኑ አዲስ ወሬ አገኘ፤ «አንድ መስኮት ሁለት ጊዜ የገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያለ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ከኪሱ ሻይ ጋበዛቸው ይባላል፤ ሰፊዋ ግን እስከ ዛሬ አታምነውም።

ሐኪሙ ፈቃዱን አንዴ አደሰለት። ሁለተኛውን ሲያድስለት ብዙ አመነታ። ሦስተኛው ምርመራ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው በቤቱ ውስጥ ያልተሰመረበት ነገር ከዋናው በር በላይ ያለው ጉበን ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ክፍያ ሲያስገቡ የብድር ክፍሏ ልጅ ከወንበሯ ተነስታ ሁለቱንም ጨበጠቻቸው።

«ለሚመጣው ወርስ፣ አባቴ?» አለችው እየሳቀች።

«ለሚመጣው ወር አምስት ሳንቲም የለኝም!» አለ።

ጉበኑን እኔ ነኝ የማሰምረው ብሎ ጠመኔውን ከሰፊዋ ተቀበለ። ወንበሩን ያዘችለት። ሁለቱ መስመሮች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሄዱ።

«ተጣሟል፣ ውረድና ላስተካክለው» አለችው።

«ተይው። የራሳችን ነው፣ ማን ይቆጣናል?»

በምርመራው ወደቀ። የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክቦ፣ በግማሽ ደመወዙ፣ ዕዳ በሌለበት ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ ያረፈውም እዚያው፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። ሁለቱንም ጊዜ ሰፊዋ ቀቢዎቹ አጠገብ ቆማ ጉበኑን ሳይቀቡ አሳለፈቻቸው።