ሊፑኦ የተወቻቸው ክፍተቶች

ሃርድ ዲስክ የሚመረጠው በጆሮ ነው ስል ኬኔዌ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ሠላሳ ዓመት በራዲዮ ጣቢያ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ድምፅ የቀዳሁ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ አልከዳኝም። ኮምፒውተር የምትጠግንበት ክፍል ከማሴሩ አውቶቡስ ተራ ጀርባ ነው። ዲስኮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ታስነሳልኛለች፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን እለጥፋለሁ።

«ንታቴ ሞሲሊ፣ አባቴ፣ ሐብሐብ መሰለዎት እንዴ?»

«ሐብሐብ እንኳ ሲያንኳኩት እውነቱን ይናገራል» አልኳት።

የምፈልገው አንድ መዝሙር መስማት ነበር። በሽታው ገብቶ ቤተ ክርስቲያን በተዘጋበት ዓመት ዘማሪዎቻችን አብረው መቆም ስላልቻሉ፣ ማይክሮፎኔን ተሸክሜ በየቤቱ ዞርኩ። ሠላሳ ሁለት ሰው፣ አንዱን ዜማ በማዳመጫ እያሰማሁ እያንዳንዱን ለብቻው ቀዳሁ። የመጨረሻዋ ባለቤቴ ሊፑኦ ነበረች፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን በመኝታ ቤታችን ዘመረች። ከስምንት ወር በኋላ ሳንባዋ ገደላት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሠላሳ ሁለቱን በአንድነት መስማት አማረኝ። አሮጌው ኮምፒውተሬ ግን ሁሉም የሚገቡበት አራተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ይታነቃል፤ አንድ ዲስክ ሠላሳ ሁለት ቦታ ሮጦ አይደርስም። አራት አራቱን ብታጣብቃቸው ይቀልለዋል ያሉኝ ነበሩ። ከተጣበቁ በኋላ መለያየት የለም፤ እኔ ደግሞ እያንዳንዱ በቦታው ቆሞ እንዲዘምርልኝ ነበር የምሻው።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበር። የሊፑኦን ቅጂ ለብቻው ሰምቼዋለሁ፤ ቀዳዳ አለው። ቃሉን ትጀምርና መሐል ላይ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። መጀመሪያ ዲስኩን ጠረጠርኩ፣ በሌላ ብሞክረው ያው ነው። በቀዳኋት ቀን አራት ጊዜ አዘምሬያታለሁ፤ በአራቱም እዚያው ቦታ ትቋረጣለች። አንዱን በሌላው ልጠግነው ስላት ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ «አትጠግነው፣ እንዳለ ተወው» አለችኝ። የደከማት መሰለኝ። ከሞተች በኋላ ነው የቆጨኝ፤ ትንፋሽ ያጠራትን ሴት ለመዝሙር ብዬ «አንዴ ድገሚው» ስል ዋልኩ። ይህ ሐሳብ እንደ ብል በላኝ። ሁሉም አብረው ሲዘምሩ እሷ ብቻ ስትታነቅ እንደምሰማ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳልሰማት መሞት አልፈለግሁም።

ኬኔዌ መጀመሪያ የማይሽከረከረውን፣ እንደ ብስኩት የሳሳውን አሳየችኝ። ከሁሉም እሱ ይፈጥናል፤ የሠላሳ ዓመት ቅጂዎቼን ጨምሮ የሚይዘው ግን ዋጋው የአንዲት ላም ነው፣ ላም ደግሞ የለኝም። ቀጥሎ ከሱቅ ካሜራ የወጣ አሮጌ ዲስክ አስነሳች፤ አሸዋ እንደበላ ጥርስ ይንገጫገጫል። ሌላው ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

«ይሄኛው ኑዛዜ ላይ ነው» አልኳት፤ ሳትከራከር ወደ ቅርጫቱ ጣለችው።

በመጨረሻ ካርቶን ከፍታ ሁለት አዳዲስ ዲስኮች አወጣች። መጠናቸውም ፍጥነታቸውም አንድ ነው።

«ሁለቱን አጋብቼ አንድ አደርጋቸዋለሁ፣ ሬይድ ይባላል። መዝሙሩን ቆራርጦ አንዱን ቁራጭ ለዚህ፣ ቀጣዩን ለዚያ ይሰጣል። ተካፍለው ስለሚያነቡ ይፈጥናሉ። ለየብቻ ቢሰሟቸው ግን ሁለቱም ቀዳዳ ናቸው።»

«አንዱ ቢሞትስ?»

«ሁለቱም ሞቱ ማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ይግዙና ቅጂውን ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት። እሱ ደግሞ ከሌላ ካርቶን ይሁን፤ አብረው የተወለዱ አብረው ይሄዳሉ።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አስነሳቻቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ተለያይቶ ተወዛወዘ፣ ቀስ ብሎ ገጠመ። የመዘምራን መሪያችን ድምፁን ሰጥቶ ሁሉም ከንፈራቸውን ገጥመው የሚያንጎራጉሩበት፣ ገና ቃል ያልወጣበት ጊዜ ውስጥ ገባሁ። ሊፑኦ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። የአውቶቡሱ ጡሩምባ እንኳ ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ።

«ንታቴ፣ አንቀላፉ እንዴ?»

«እነዚህን ስጪኝ» አልኩ።

ኬኔዌ ቤቴ ድረስ መጥታ ገጠመችልኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልከፍተው ስል ማቱሶ ዳቦ ይዛ መጣች። ወፈር ያለውን የሴት ድምፅ ከሚዘምሩት አልቶዎች መሐል ሃያ ሁለት ዓመት ከሊፑኦ ጎን የቆመች ናት። እንደ ጋቢ የደረበችውን ብርድ ልብስ ሳታወልቅ ተቀመጠች። ብቻዬን ልሰማው ነበር ሐሳቤ፤ ሂጂ ማለት ግን አልቻልኩም።

ጀመረ። የብርዱ ወራት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነበረች። አራተኛው ስንኝ ደረሰ፣ ሠላሳ ሁለቱም ገቡ፣ አልታነቀም። ጠባቧ ክፍሌ ሰፋችብኝ፤ ግድግዳው ወደ ኋላ የሸሸ መሰለኝ። ሊፑኦን ከግራ በኩል ለየኋት። የምትቋረጥበት ቃል ሲቃረብ የወንበሩን ክንድ ጨበጥኩ። ቃሉ መጣ፣ አለፈ። ቀዳዳ የለም። መልሼ አጫወትኩት፤ አሁንም የለም።

«የት ገባ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምኑ?»

«እዚህ ጋ ትንፋሽ አጥሯት ዝም ትል ነበር። እኔ ነኝ ያስጨነቅኋት።»

ማቱሶ ትክ ብላ አየችኝ። «አቡቲ፣ ወንድሜ፣ ሠላሳ ዓመት ዘማሪ ስትቀዳ ኖረህ ይሄን አታውቅም? ሁላችንም እኩል ከተነፈስን እኮ ዜማው ይበጠሳል። እሷ ስትተነፍስ እኔ እይዛለሁ፣ እኔ ስተነፍስ እሷ ትይዛለች። አንተ እኔን ልትቀዳ የመጣህ ዕለት ጠዋት ደውላልኝ ‹እንደ ድሮው ነው፣ ቦታሽን እንዳትለቂ› ብላኛለች። ጠብቃኝ ነው እንጂ አጥሯት አይደለም።»

ሠላሳውን ዝም አሰኝቼ ሁለቱን ብቻ ለቀቅኩ። የአንዷ ቀዳዳ ላይ ሌላዋ አለች። ለሦስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወረደ፤ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

«አሁንስ ከማን ጋር ነው የምትተነፍሺው?» አልኳት።

«ከማንም። የእኔ ቦታ ላይ በየእሑዱ ይበጠሳል። ሕዝቡ አያስተውለውም፣ እኔ ነኝ የምሰማው።»

ሠላሳውን መልሼ፣ የማቱሶን ቅጂ ብቻ ዘግቼ መዝሙሩን ከመጀመሪያው አስነሳሁት። ምን እንዳደረግሁ ገባት። ብርድ ልብሷን ከትከሻዋ አወረደች፣ ቆመች፣ ቦታዋ ሲደርስ ገባች። አርጅታለች፣ ድምጿም ሻክሯል። አራተኛው ስንኝ መሐል ላይ ዝም ብላ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ሊፑኦም ቃሉን ይዛ ቆየችላት።