ረቢዓ የለበሰችው ሰንደቅ

የመተማ ሰው ባንዲራ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው መሃሉን ነው። የሚያጣላው እዚያ ያለው ነገር ነዋ። ረቢዓ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ ወደ ስፌት መኪናዬ ስትመጣ ግን መሃሉም ባዶ፣ ቀይ የሚባልም የለ።

«ቀዩን የት አደረግሽው?» አልኳት።

«የናንተ አይደለም፣ ጋሽ ያረጋል። የኛ የድሮው ነው።»

ረቢዓ የሱዳንን ጦርነት ሸሽታ መጥታ ከሱቄ ጎን ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። ሰማያዊው አባይ፣ ቢጫው በረሃው፣ አረንጓዴው እርሻው ነው አለችኝ። አገሯ ነፃ ሲወጣ የተሰቀለው እሱ ነበር፤ ኋላ መንግሥት ሲለወጥ በሌላ ተለወጠ። ባሏ ሰፍዋን ግን አሮጌውን ከቤቱ ግድግዳ አላወረደም። ሲሸሹ መንገድ ላይ ተጠፋፍተዋል፤ ስልኩን ወታደር ወስዶበታል። በዚህ ካለፈ ከመኪና ላይ ሆኖ ያለችበትን እንዲያውቅ ነው የፈለገችው። የአማርኛ ማስታወቂያማ አያነብ።

ሰፋሁላት። ረጅም ሽመል ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ የጸጥታው ወንድዬ መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ መመሪያ ሲይዝ ብቻ ድምፁ ይወፍራል።

«የውጭ አገር ባንዲራ ለብቻው አይሰቀልም!»

«የየትኛው አገር?» አልኩት።

ጨርቁን አየ፤ ስልኩን አየ። «የሱዳን አይደለም እኮ።»

«ነበር» አለች ረቢዓ።

«ስለ ነበር የተጻፈ የለም።» አሰበ። «እሺ፣ የኛ ከላይ ይሁንና ይቆይ።»

ለጥምቀት የገዛኋትን ባንዲራ አወጣሁ። ወንድዬም እንደ ሰው ሁሉ መሃሉን ፈለገ።

«ጋሽ ያረጋል! ኮከቡስ?»

«በአባቴ ጊዜ አንበሳ ነበር፤ እኔ ስማር ማረሻ ሆነ። ደግሞ ይለወጥ ይሆናል ብዬ ባዶውን ገዛሁ።»

«ይቺማ ከዚያኛዋም ባሰች» ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘ። «ሁለቱንም አውርዱ። እኔ አላየሁም።»

አንዱ ጊዜው ስላለፈ፣ ሌላው መሃሉ ስለጎደለ፣ ሁለቱም ወረዱ።

ረቢዓ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ሱዳን የሚያሻግረውን ድልድይ እያየች ቆየች። ሻይ የጠየቃትን ሰው እንኳ አልሰማችውም። ከዚያ ተነስታ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

«ቶብ ይወጣዋል?»

ቶብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙት ነው። «ያጥራል» አልኳት።

«ቀጥልልኛ!»

ቀጠልኩላት። ወንድዬ ሲያልፍ ቆሞ አያት። ሰው ስለሚለብሰው መመሪያ እንዳልደረሰው ፊቱ ያስታውቃል። ሻይ አዘዘ።

ከዚያ ወዲህ መኪና በመጣ ቁጥር ረቢዓ ሥራዋን ጥላ መንገድ ዳር ትቆማለች። ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚሄዱ ሠራተኞች ከመኪና ላይ፣ «እቴ፣ የየት አምባሳደር ነሽ?» ይሏታል። አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ግን ወርዶ ፊቷ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ተሳፈረ።

ዛሬ ጠዋት የጭነት መኪና ሹፌሩ ዑበይዳ ከሱዳኗ ገዳሪፍ መጣ።

«ገበያ ላይ ባንዲራ ስለለበሰችው ሴት ሳወራ አንድ ሰውዬ እጄን ያዘኝ» አላት። «‹ሻይዋ ላይ ዝንጅብል ታበዛለች?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«‹ጉሮሮ እስኪልጥ!› አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ።»

ረቢዓ ስሙን አልጠየቀችም።

«ከስቷል?» አለች።