ባለጠፍሩ ማኅደር

ርእሶም ሽጉጡን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍቶ አየ። ባዶ ነው። ጥይቶቹም የመኪናው ቁልፍም ሚስቱ ባየሽ እጅ ናቸው። ከሮቢንስዴል ሱቅ ከገዛቸው ሁለት የሽጉጥ ማኅደሮች የማይጥለውን ለይቶ ካላሳያት፣ ዛሬ ከኒው ሆፕ ቤታቸው ወደ ሰሜኑ ጫካ የሚሄድ የለም።

ሻጩ በእንግሊዝኛ ሌላ ስም ቢጠራላቸውም ለርእሶም ማኅደር ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዳዊቱ የቆዳ መያዣም ስሙ ያው ነው። አንደኛው አፉ ክፍት ነው፤ ሽጉጡን የሚይዘው በጥብቀቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከላይ የምታልፍ፣ በአውራ ጣት የምትፈታ ባለቁልፍ ጠፍር አለችው። የርእሶም ልብ ክፍቱ ላይ ነው። አምና በዚያው ጫካ ድብ ከነግልገሎቿ መንገዱን ዘግታ ስትቆም ባዶ እጁን ነበር፤ የስምንት ዓመቷ ልጁ ኣዲያም ከኋላው ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ድቧ በገዛ ፈቃዷ ሄደች። እሱ ግን ያቺን ቅጽበት በሐሳቡ ስንቴ ደጋግሟታል፤ ጠፍር ለመፍታት ጊዜ ኖሮት አያውቅም። በደርግ ጦር ውስጥ ሳለ የተሰበረው አውራ ጣቱም ቶሎ አይታዘዝለትም።

«ኣዲያም ከኋላህ ነው የምትሄደው» አለች ባየሽ በሩ ላይ ቆማ። «ቢወድቅ የምታገኘው እሷ ናት። ይሄን አስበህ ቹዝ አድርግ።»

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ክፍቱን ዘቅዝቆ አራግፎ አሳይቶት ነበር፤ ሽጉጡ አልወደቀም። የጫካ መንገድ ግን ማጎንበስና መነሳት ነው። ርእሶም ደግሞ ከስግደት የተሻለ ማጎንበስና መነሳት አያውቅም። ክፍቱን ታጠቀና ሽጉጡን ከተተ፤ ልማድ ሆኖበት ወደ ምሥራቅ ዞረ።

«ጸሎት አይደለም፤ ሙከራ ነው» አለ ለራሱ፣ እንደማፈር እያለ።

አርባ አንድ ሊሰግድ ነው። መጀመሪያ ላይ ጆሮው ወገቡ ላይ ነበር። ስድስት፤ ሰባት። ሽጉጡ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቁጥሩን ለጣቶቹ ትቶ አፉ ሳያስበው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመረ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በዝምታ ሰግዶ አያውቅም። ድቧ መጣችበት። ሸሚዙን የያዙት ትንንሽ ጣቶች መጡበት። ፈራ፤ ከልቡ ለመነ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሲጨርስ ተነሳና ወገቡን ዳበሰ።

ማኅደሩ ባዶ ነው።

ዞረ። ኣዲያም በእንቅልፍ ልብሷ ቆማለች። ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥ እንዲህ ነው ብሎ ራሱ እንዳስተማራት፣ ሽጉጡን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ዘርግታለታለች። አፈሙዙ ወደ ደረቷ ነው። አንዱ ጣቷ ምላጩ ላይ ነው።

ባዶ መሆኑን ሦስቴ አይቷል። ቢሆንም መጀመሪያ ጣቷን ከምላጩ ላይ አነሳ። ቀስ ብሎ ተቀበላት።

«መቼ ነው የወደቀው?»

«ናይንቲን ላይ፣ ዳዲ። ካውንት ሳደርግ ነበር። ፕሬይ እያደረግህ ስለሆነ ዝም አልኩ።»

ምንጣፉ ድምፁን ውጦታል። ሃያ ሁለት ጊዜ በባዶ ማኅደር ሰግዷል፤ ሽጉጡም ያን ሁሉ ጊዜ ከልጁ ጋር ነበር።

ባየሽ ተመልሳ መጥታ አፏን በመዳፏ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ርእሶም ክፍቱን ማኅደር ፈትቶ ጣለና ባለጠፍሩን ታጥቆ ሽጉጡን ከተተበት። አውራ ጣቱን ሁለቴ አዳለጠው፤ በሦስተኛው ቁልፏ ቀጭ አለች።

«እንደገና ካውንት ላድርግ?» አለች ኣዲያም፣ ወደ ኋላው እያለፈች።

«አድርጊ» አላት። «ከፊቴ ሆነሽ ግን።»

መጥታ ፊቱ ቆመች። ርእሶም ሰገደ።

«ዋን» አለች።